ቲቢን የመከላከልና የማከም ሥራ በአሰላ ከተማና በአርሲ ደጋማ ወረዳዎች፦ የሠላሳ ዓመታት ውጤትና ዛሬ የሚሰጠው አገልግሎት

የአርሲ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ የአየሯ ጠባይ ብርዳማ ነው። ብርዱ በሚበረታባቸው ወራት በርና መስኮት ዘግቶ፣ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ እሳት መሞቅ የተለመደ ነው። ሳል የያዘው ሰው «ብርድ መቶኝ ነው» እያለ ሳምንታትን ማሳለፉም እንዲሁ የተለመደ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ በደጋው አገር ለረጅም ዘመን ሲዛመት የኖረው እነዚህ ሁለት ልማዶች በተገናኙበት ቤት ውስጥ ነው።

አርሲ በአገራችን የቲቢ መከላከል ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። ዛሬ በመላ አገሪቱ በሚገኙ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው የተደራጀ የቲቢ ሕክምና በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በአርሲና በባሌ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደተጀመረ፣ ምን ውጤት እንዳስገኘና ተገልጋዮች ዛሬ አገልግሎቱን እንዴት ማግኘት እንደሚችሉ ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ምንነትና መተላለፊያ መንገዱ

ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ይፋ ያደረገው መጋቢት 24 ቀን 1882 ሲሆን፣ ዕለቱ በየዓመቱ የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በሽታው ይበልጡን ሳንባን ያጠቃል። ይሁን እንጂ በንፍፊት (በአንገትና በብብት ዕጢዎች)፣ በአከርካሪ አጥንት፣ በአንጎል ሽፋንና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ላይም ሊከሰት ይችላል።

የሳንባ ቲቢ ያለበትና ሕክምና ያልጀመረ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ባክቴሪያው በጥቃቅን ጠብታዎች አማካይነት ወደ አየር ይወጣል። አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ለረጅም ሰዓት አብረው የሚቆዩ ሰዎች ባክቴሪያውን ወደ ሳንባቸው ሊያስገቡ ይችላሉ። ቲቢ በብርድ፣ በዘር፣ በእርግማን፣ እጅ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ሳህን በመመገብ አይመጣም። ሳይፈላ የሚጠጣ ወተት ግን ከከብቶች ወደ ሰው የሚተላለፍ የቲቢ ዓይነት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከብት አርቢ በሆኑት የአርሲ ወረዳዎች ወተትን አፍልቶ መጠጣት ይገባል።

ባክቴሪያው ወደ ሰውነቱ የገባ ሰው ሁሉ አይታመምም። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮ የመከላከል አቅሙ ባክቴሪያውን ተቆጣጥሮ ይኖራል። የመታመም ዕድሉ የሚጨምረው ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ በሚገኝ ሰው፣ በምግብ እጥረት በተጎዳ ሰው፣ በስኳር ሕመምተኛና በሕፃናት ላይ ነው።

ከ1992 በፊት የነበረው ሁኔታ

በኢትዮጵያ የቲቢ ሕክምና በተደራጀ ሁኔታ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ የሕክምና ማዕከላቱ የተቋቋሙት በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በሐረር ከተሞች ነበር። በ1976 ደግሞ የቲቢ ቁጥጥርን የሚመራ ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት በጤና ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። ሆኖም አገልግሎቱ በጥቂት ከተሞች ተወስኖ በመቆየቱ ለአብዛኛው ሕዝብ ሩቅ ነበር።

ሕክምናው ራሱም አስቸጋሪ ነበር። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድ የነበረ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ መርፌ መወጋትን ይጠይቁ ነበር። ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከበቆጂ ወይም ከዚያ ርቀው ካሉ ቀበሌዎች የሚመጣ ገበሬ ይህን ሁሉ ጊዜ ከእርሻውና ከቤተሰቡ ተለይቶ መቆየት አይችልም። ብዙ ሕመምተኞች ሳላቸው ሲቀንስና ሰውነታቸው ሲመለስ «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒቱን ያቋርጡ ነበር። በሽታው ግን ከሰውነታቸው አልጠፋም። ከወራት በኋላ ያገረሽባቸዋል፤ ለቤተሰባቸውም ያስተላልፋሉ። ከዚህም የከፋው ደግሞ ባክቴሪያው የተቋረጠውን መድኃኒት ሊለማመደው መቻሉ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የመድኃኒት አለመኖር ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱ እያለ ሕክምናው ዳር ሳይደርስ መቅረቱ ዋናው ችግር ነበር።

በአርሲና በባሌ የተጀመረው የሙከራ ሥራ

በ1992 በአርሲና በባሌ አዲስ አሠራር በሙከራ ደረጃ ተጀመረ። አሠራሩ በኋላ «ዶትስ» በሚለው አጠራር በዓለም ዙሪያ የታወቀው ሲሆን፣ በጤና ባለሙያ ቀጥተኛ ክትትል የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ሕክምና ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ የጤና ችግር ብሎ ያወጀው በተከታዩ ዓመት፣ በ1993 መሆኑ ሲታሰብ፣ የአርሲና የባሌ ሥራ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነበር ማለት ይቻላል።

አሠራሩ በአምስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

1. መንግሥት ሥራውን በበጀትና በሰው ኃይል በዘላቂነት መደገፉ፤
2. ሕመምተኞችን በአክታ ምርመራ ለይቶ ማወቅ፤
3. በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የሆነ የአጭር ጊዜ ሕክምና በክትትል መስጠት፤
4. የመድኃኒት አቅርቦት እንዳይቋረጥ ማድረግ፤
5. እያንዳንዱን ሕመምተኛ መመዝገብና ሕክምናው እንዴት እንደተጠናቀቀ ሪፖርት ማድረግ።

ከእነዚህ መካከል አምስተኛው ለብዙ ሰው የወረቀት ሥራ ብቻ ይመስላል። ለውጡን ያመጣው ግን በአመዛኙ እርሱ ነው። ሕመምተኛው በመዝገብ ስሙ ከሰፈረ በኋላ በቀጠሮው ቀን ካልመጣ መቅረቱ ይታወቃል፤ ባለሙያም ይፈልገዋል። በዓመቱ መጨረሻም ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቱ እንደዳነ፣ ስንቱ እንዳቋረጠና ስንቱ እንደሞተ ጤና ጣቢያው መልስ ይሰጣል።

የሕክምናው ጊዜ በአዲሱ አሠራር ወደ 8 ወር ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በኋላ ደግሞ ዛሬ ወደሚሠራበት የ6 ወር ሕክምና ተሸጋግሯል። በ1994 የቲቢና የሥጋ ደዌ ቁጥጥር ሥራዎች በአንድ መርሐ ግብር ተዋሐዱ። አሠራሩም ከአርሲና ከባሌ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተስፋፋ።

አኃዞቹ ምን ያሳያሉ?

በአርሲ ዞን በሚገኙ 25 ወረዳዎች ከ1997 እስከ 2011 ባሉት አሥራ አምስት ዓመታት የተመዘገቡ የቲቢ ሕሙማን መረጃ ተጠንቶ ለኅትመት በቅቷል። ከጥናቱ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው የተመዘገቡት ሕሙማን ቁጥር ነው። በ1997 ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል በቲቢ መታመማቸው ታውቆ የተመዘገቡት 14.3 ነበሩ። በ2011 ይህ ቁጥር ወደ 150 ከፍ ብሏል። አኃዙን ለብቻው የተመለከተ ሰው በሽታው በአሥር እጥፍ የተባባሰ ሊመስለው ይችላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። የጨመረው የታወቁትና ወደ ሕክምና የመጡት ሰዎች ቁጥር ነው። ቀደም ሲል በየቤታቸው እያሳሉ ሳይታወቁ ይኖሩና ይሞቱ የነበሩ ሰዎች አገልግሎቱ ሲቀርባቸው በመዝገብ ላይ መታየት ጀመሩ። በቲቢ መከላከል ሥራ የተመዝጋቢዎች ቁጥር መጀመሪያ ከፍ ማለቱ፣ በኋላም በሽታው እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ መውረዱ የሚጠበቅ ነው።

ሁለተኛው የሕክምናው ውጤት ነው። በአክታቸው ውስጥ ባክቴሪያው የተገኘባቸውና ውጤታቸው የተገመገመ 14,221 የሳንባ ቲቢ ሕሙማን ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 11,888 ወይም 83.6 በመቶ የሚሆኑት ሕክምናቸውን በስኬት አጠናቀዋል። በ1997 ሕክምናቸውን በስኬት ያጠናቀቁት ከ100 ሕሙማን 61 ብቻ ሲሆኑ፣ በ2011 ግን 91 ደርሰዋል።

ይህ ለውጥ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ሕክምና ከጀመሩ አሥር ሰዎች አራቱ ሕክምናቸውን በስኬት አያጠናቅቁም ነበር። ከአሥራ አራት ዓመታት በኋላ ይህ ቁጥር ከአሥር አንድ ያህል ሆኗል። በመድኃኒቱ ላይ የተደረገው ለውጥ ብቻውን ይህን ውጤት አያስገኝም። አገልግሎቱ ለመኖሪያ ቤት መቅረቡና ሕመምተኛው እስከ መጨረሻው ክትትል ማግኘቱ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ጥናቱ ክፍተትንም አሳይቷል። በስኬት የተጠናቀቀው ሕክምና ከወረዳ ወረዳ ይለያይ የነበረ ሲሆን፣ ዝቅተኛው 69.3 በመቶ፣ ከፍተኛው 92.5 በመቶ ነበር። መድኃኒቱም ሆነ የሕክምና መመሪያው በሁሉም ወረዳዎች አንድ ነው። ልዩነቱ የሚያመለክተው አገልግሎቱ በየወረዳው ለሕመምተኛው ምን ያህል እንደቀረበና ክትትሉ ምን ያህል እንደጠበቀ ነው።

አገልግሎቱ ወደ መኖሪያ ቤት የቀረበበት ሂደት

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ እንዲሠራና ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደረገ። በ2009 ደግሞ ፕሮግራሙ እንደ አሰላ ላሉ ከተሞች በሚስማማ መልኩ ተዘጋጅቶ ነርሶች በየሰፈሩ ቤት ለቤት አገልግሎት መስጠት ጀመሩ።

ይህ አሠራር ለቲቢ ሕክምና ሁለት ጥቅሞች አስገኝቷል። አንደኛ፣ የቤተሰቡን ሁኔታ በቅርብ የምታውቅ ባለሙያ ሳል የቆየበትን ሰው ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በሲዳማ ከ2010 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አክታ እየሰበሰቡ ለምርመራ እንዲልኩ በመደረጉ የሚታወቁት ሕሙማን ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለመውሰድ በየቀኑ ረጅም መንገድ መጓዝ አያስፈልገውም፤ በቅርቡ ባለው ጤና ኬላ ክትትል ሊደረግለት ይችላል።

የምርመራው መንገድም ተለውጧል። ለብዙ ዓመታት ቲቢ ይመረመር የነበረው አክታን በማይክሮስኮፕ በማየት ብቻ ነበር። ዛሬ «ጂን ኤክስፐርት» የሚባለው መሣሪያ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ለይቶ ያሳያል።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅና ለወራት መርፌ መወጋትን የሚጠይቅ ነበር። አሁን ጊዜው አጥሯል፤ በመርፌው ፋንታም የሚዋጡ መድኃኒቶች ይሰጣሉ።

በአገር አቀፍ ደረጃም መሻሻሉ ጎልቶ ይታያል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት በ2000 በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል 421 የሚሆኑት በዓመት በቲቢ ይታመሙ ነበር። በ2020 ቁጥሩ ወደ 132 ወርዷል። ድርጅቱ በ2021 ባወጣው ዝርዝርም ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበረታባቸው 30 አገሮች ተርታ ወጥታለች። ይሁንና በአጠቃላይ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ አሁንም ትገኛለች።

ምርመራ ማድረግ ያለበት ማን ነው?

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ የታየበት ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።

• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፤
• ደም የተቀላቀለበት አክታ ወይም የደረት ውጋት፤
• ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፤
• የምግብ ፍላጎት መቀነስና ክብደት መቀነስ፤
• በአንገት ወይም በብብት የሚወጣና የማይጠፋ እብጠት።

ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው ማንኛውም ሳል ሲይዘው ሁለት ሳምንት እስኪሞላው መጠበቅ የለበትም። በሕፃናት ላይ ክብደት አለመጨመር ወይም መቀነስ፣ የጨዋታ ፍላጎት ማጣትና የማይለቅ ሳል ትኩረት ይሻሉ። ከቲቢ ሕመምተኛ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ምልክት ባይታይበትም መመርመር ይገባዋል።

ብርድ ሳል የሚያመጣ ቢመስልም፣ ሳምንታት ያስቆጠረ ሳል በምርመራ ሳይረጋገጥ ምክንያቱ ብርድ ነው ማለት አይቻልም። ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ የሳል ሽሮፕ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚወሰድ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማስታገስም ምርመራውን ያዘገያል።

ምርመራውና ሕክምናው የት ይሰጣል? ክፍያውስ?

በአሰላ ከተማና በዞኑ ወረዳዎች በሚገኙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቲቢ ምርመራና ሕክምና ይሰጣል። የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ የሌለው ጤና ጣቢያ የሕመምተኛውን አክታ መሣሪያው ወዳለበት ተቋም ልኮ ውጤቱን ያስመጣል። ከፍ ያለ ምርመራ ወይም የተኝቶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም ለመኖሪያው ወደሚቀርበው ሌላ ሆስፒታል ይላካል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የአክታ ምርመራውና የቲቢ መድኃኒቱ ከክፍያ ነጻ ናቸው። ማንም ሕመምተኛ ለቲቢ መድኃኒት ገንዘብ እንዲከፍል ሊጠየቅ አይገባም። እንደ ራጅ ያሉ ተጨማሪ ምርመራዎች ግን ሊያስከፍሉ ይችላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ተገልጋዮች የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል።

ለምርመራ የሚሰጠው ምራቅ ሳይሆን ከደረት በጥልቅ ሳል የሚወጣ አክታ መሆን አለበት። አክታው ከሰው ራቅ ብሎ ደጅ ላይ በተሰጠው ዕቃ ውስጥ ይደረግና ክዳኑ በሚገባ ይዘጋል። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚወጣ አክታ ለምርመራ የተሻለ ነው።

የሕክምናው ሂደት

መድኃኒቱን ባልተላመደ ባክቴሪያ ለሚመጣ የሳንባ ቲቢ የሚሰጠው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ በቀሩት 4 ወራት ደግሞ ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ ይወሰዳሉ። መድኃኒቶቹ በአንድ እንክብል ተዋሕደው የተዘጋጁ ሲሆን፣ መጠናቸው በሕመምተኛው ክብደት ይወሰናል። ሕመምተኛው ከቤተሰቡ ወይም ከጎረቤቱ አንድ የሕክምና ደጋፊ እንዲመርጥ ይደረጋል። መሻሻሉን ለማረጋገጥም አክታው በሕክምናው 2ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ወር መጨረሻ ላይ በድጋሚ ይመረመራል።

አብዛኛው ሕመምተኛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፤ በሽታውን ወደ ሌላ የማስተላለፍ ዕድሉም በእጅጉ ይቀንሳል። ለሕክምናው አደገኛ የሆነው ወቅትም ይኸው ነው። ሰውነት መዳኑን ቢናገርም ጥቂት ባክቴሪያዎች ገና በሕይወት አሉ። የቀሩት ወራት መድኃኒት የሚሰጠው እነዚህን ለማጥፋት ነው።

መድኃኒቱ ሽንትን ወደ ብርቱካንማ ቀለም ይለውጣል፤ ይህ ጉዳት የለውም። የዓይን መቢጨት፣ ያልተቋረጠ ማስመለስ፣ የማየት ችግር ወይም የሰውነት ሽፍታ ሲታይ ግን ሕመምተኛው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋሙ መምጣት አለበት። ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችንና ሌሎች ሆርሞን ያለባቸውን መከላከያዎች ኃይል ስለሚያዳክም፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትጠቀም ሴት ይህንኑ ለባለሙያው ማሳወቅ ይገባታል። የአልኮል መጠጥ ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ ጉበትን ስለሚጎዳ በሕክምናው ጊዜ መጠጣት አይመከርም። ለእያንዳንዱ የቲቢ ሕመምተኛ የኤች አይ ቪ ምርመራም ይሰጣል።

ሕክምናው እንዳይቋረጥ

በአርሲ ደጋማ ወረዳዎች ሕክምና የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ብዙውን ጊዜ የታወቁ ናቸው። ለእያንዳንዳቸውም መፍትሔ አለ።

ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ሌላ ቦታ መሄድ። ለአዝመራ ሥራ ወደ ሌላ ወረዳ የሚሄድ ሠራተኛ ወይም ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወር ተማሪ ከጉዞው በፊት ለጤና ጣቢያው ሊያሳውቅ ይገባል። የዝውውር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በሚደርስበት ቦታ ባለው የመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናውን ካቆመበት ይቀጥላል። ለአጭር ጊዜ ጉዞ ከሆነም የሚበቃው መድኃኒት በእጁ ሊሰጠው ይችላል።

ጾም። የቲቢ መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ጾመኛ ሕመምተኛ ከጤና ባለሙያው ጋር ተመካክሮ የሚወስድበትን ሰዓት ማስተካከል ይችላል። በረመዳን ወር ከንጋት በፊት ወይም ካፈጠሩ በኋላ መውሰድ ይቻላል። በሽታው የጠናበት ሰው መጾም ያለበት መሆን አለመሆኑን ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ሊመክር ይገባል።

ጠበል። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይጠበቅበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል። ሕክምና ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ያልሞላው ሰው ግን ብዙ ሰው በተጨናነቀበት የተዘጋ ማደሪያ ከማደር መቆጠብ አለበት።

ከሰው እንዳይታወቅ መፍራት። ቲቢ የሚድን በሽታ ነው። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ለአካባቢው ስጋት መሆኑ በፍጥነት ይቀንሳል። ለአካባቢው ይበልጥ የሚያሰጋው ሳይመረመር የሚቆየው ሰው ነው። የጤና ተቋሙም የሕመምተኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

መድኃኒቱን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያቋረጠ ሰው ወቀሳ ፈርቶ መቅረት የለበትም። በተመለሰ ጊዜ ባለሙያው የቆየበትን ጊዜ አይቶ፣ አስፈላጊ ከሆነም አክታውን መርምሮ ሕክምናው እንዴት እንደሚቀጥል ይወስናል።

ቤተሰብን መጠበቅ

ሕመምተኛው በሚያስልበት ጊዜ አፉንና አፍንጫውን በክንዱ ወይም በጨርቅ መሸፈን አለበት። የቤቱ መስኮትና በር በቀን ውስጥ ተከፍቶ አየርና የፀሐይ ብርሃን እንዲገባ ማድረግ ከሁሉ የቀለለና ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። በደጋው አገር ብርዱ አስቸጋሪ ቢሆንም ፀሐይ በምትሞቅበት ሰዓት ቤቱን ማናፈስ ይቻላል።

አብረው ከሚኖሩት መካከል ቲቢ የሌለባቸው መሆኑ የተረጋገጠ፣ በተለይም ሕፃናትና ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ሰዎች፣ የቲቢ መከላከያ ሕክምና ይሰጣቸዋል። ሕፃናት እንደተወለዱ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባትም ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች ይከላከላል። ክትባቱ በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1980 ጀምሮ ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ ከክፍያ ነጻ ነው።

ቀሪው ሥራ

የአርሲ መዝገብ የስኬት ብቻ መዝገብ አይደለም። በአሥራ አምስቱ ዓመታት ውጤታቸው ከተገመገመው 14,221 ሕሙማን መካከል 2,333 የሚሆኑት ሕክምናቸውን በስኬት አላጠናቀቁም። ከእነርሱ ውስጥ የሞቱ፣ ሕክምናቸውን ያቋረጡ፣ ሕክምናው ያልሠራላቸውና ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ውጤታቸው ሳይታወቅ የቀረ ሰዎች ይገኛሉ። በዞኑ በሄጦሳ ወረዳ ቤት ለቤት በተደረገ ጥናትም በሽታው እያለባቸው ሳይታወቅ የቆዩ ሰዎች ተገኝተዋል። አገልግሎቱ በቅርብ እያለ ወደ እርሱ ያልመጣ ሰው እንዳለ ይህ ያረጋግጣል።

ከ1992 ወዲህ የተገኘው መሻሻል የአንድ ዓመት ዘመቻ ውጤት ሳይሆን በየቀኑ የተዋጠ መድኃኒት፣ በየወሩ የተሞላ መዝገብና በየሰፈሩ የተደረገ ክትትል ድምር ነው። ይህ ድምር እንዲቀጥል የጤና ተቋማት መድኃኒቱንና ምርመራውን ሳያቋርጡ የማቅረብ ኃላፊነት አለባቸው። ኅብረተሰቡም የቆየ ሳልን ችላ ባለማለት፣ የተጀመረን ሕክምና እስከ መጨረሻው ቀን በመከታተልና የታመመን ጎረቤት ባለማግለል የበኩሉን ድርሻ እንዲወጣ ይጠበቃል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለብዎት ከሆነ ወይም ሕክምና ጀምረው ያቋረጡ ከሆነ፣ በሚኖሩበት ቀበሌ የሚገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነጋግሩ፤ ወይም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በመሄድ አገልግሎቱን ከክፍያ ነጻ ያግኙ።